አባ ኮዳና ሦስት ነፍስ፦ «ልጆች በስልክ ጌም መሥራታቸው ሱስ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት አንዲት እናት ሱቄ መጡ። እኔ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ልጄን የሚያደነዝዝ ነገር ገብቷል አሉ፤ አጥፋልኝ» አሉኝ። ማን እንዳላቸው ስጠይቃቸው በቴሌግራም የተላከላቸውን አንድ ረጅም ጽሑፍ አሳዩኝ። ስልኩን ከፈትኩት። አጥፋ የተባልኩት አፕ ፖኬት ኮድ ነው። ውስጡ ልጅቷ የሠራችው ጌም ነበር። ሞከርኩት። ከዚያ «እትዬ፣ ከማጥፋቴ በፊት ልጅቷን አንድ ጊዜ ላናግራት» አልኳቸው።

ጽሑፉን ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ ይላሉ፤ አጻጻፋቸውም ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ልጆች በስልክ ቀላል ጌም እየሠሩ የሚያጋሩባቸው አፖች ትምህርት መስለው የገቡ ሱስ ናቸው። የተዘጋጀ የትእዛዝ ብሎክ መገጣጠም ኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ፣ አይደለም። ልጅ ፕሮግራሚንግ እንዲማር ከተፈለገ ኮምፒውተር ይገዛለት። እዚያ የሚታየው ሥራ አብዛኛው ኩረጃ ነው። የሚወጣው ጌም ተራ ነው፣ ገንዘብም አያመጣም። በመጨረሻም ልጆችን ለማናውቃቸው ሰዎች ያጋልጣል። በመጨረሻው እስማማለሁ። በሌሎቹ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነውና፤ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ወላጆች «አጥፋልኝ» ብለው መጥተዋል።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ፖኬት ኮድ ኦስትሪያ ውስጥ በግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ ፕሮጀክት የወጣ አፕ ነው። ነጻ ነው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ሐሳቡን የወሰደው ከስክራች ነው። ስክራች ደግሞ ልጆች ብሎክ እየገጣጠሙ ጌምና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠሩበት፣ አሜሪካ፣ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ስክራች ለኮምፒውተርና ለታብሌት የታሰበ ነው፣ ፖኬት ኮድ ግን ከመነሻው ለስልክ ነው የተሠራው። ትእዛዞቹ ባለቀለም ብሎኮች ናቸው። «ሂድ»፣ «ዙር»፣ «ከነካ»፣ «ደጋግም» የሚሉትን በጣትህ እየጎተትክ አንዱን ከአንዱ ሥር ትሰካለህ። ሲያልቅ ለሌላው ታጋራለህ፤ ሌላው ይጫወተዋል፣ ከፈለገም ውስጡን ከፍቶ እንዴት እንደተሠራ ያያል። በቃ ይሄ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ብሎክ መጎተት የሕፃን መጫወቻ ነው፣ ፕሮግራመር ኮድ ይጽፋል እንጂ አይጎትትም ይላሉ። ለዚህ መልሴ ያቺ ልጅ ናት።

እናቷ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ቡና ያፈላሉ። ልጅቷ 7ኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ ጋ ነው የምትሄደው። አሞራ ገደልን ያየ ሰው አባ ኮዳዎቹን አይረሳም፤ ራሳቸው የተመለጠ፣ ከልጅ ቁመት የሚስተካከሉ፣ ሰው የማይፈሩ ወፎች ናቸው። ዓሣ ሲጸዳ ሥር ሥር ቆመው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። የልጅቷ ጌም ይሄው ነው። ከላይ ዓሣ ይወርዳል። ከታች ሳፋ አለ። ስልኩን ግራና ቀኝ እያዘነበልክ ዓሣውን በሳፋው ትቀበላለህ። በመሃል አባ ኮዳ ብቅ ይላል፤ ሳፋውን ከነካው አንድ ነፍስ ታጣለህ። ያለህ ሦስት ነፍስ ነው። ወፉን ራሷ በእናቷ ስልክ ፎቶ አንስታ፣ ዙሪያውን በጣቷ እያጠፋች ነው ቆርጣ ያወጣችው። ሁለት ማታ ፈጅቶባታል። ስታጠፋ አንደኛው እግሩ አብሮ ጠፍቷል። ለምን እንዳላስተካከለችው ስጠይቃት «ጋሼ፣ እነሱ እኮ በአንድ እግራቸውም ይቆማሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስትሠራ ሁለት ቦታ ላይ ተቸግራ ነበር። አንደኛው፣ ስልኩን ወደ ቀኝ ስታዘነብል ሳፋው ወደ ግራ ይሄድባታል። ስልኩ ምን ያህል እንደዘነበለ በቁጥር ነው የሚነግራት፤ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ። የስክሪኑ መሃል ዜሮ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ስታስገባው ተገለበጠ። «ታዲያ ምን አደረግሽ?» አልኳት። «በኔጌቲቭ አንድ አባዛሁት» አለች። ኔጌቲቭ ቁጥር ክፍል ውስጥ ተምራለች፣ ተፈትናበታለች፣ ጥሩም አምጥታለች። ምን እንደሚሠራ የገባት ግን ሳፋው በትክክለኛው አቅጣጫ ሲንሸራተት እንደሆነ ነገረችኝ።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። አባ ኮዳው ሳፋውን ገና ነካ ከማድረጉ ሦስቱም ነፍስ በአንዴ ያልቃል። እሷ «አንድ ቀንስ» ነው ያለችው። ብሎኮቹን አሥር ጊዜ አየች፤ ስህተት የለባቸውም። በኋላ ነው ነገሩ የበራላት። «ሁልጊዜ ደጋግም» የሚለው ብሎክ ውስጥ ያለው ጥያቄ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ነክቷል? አዎ፣ ቀንስ። ነክቷል? አዎ፣ ቀንስ። ወፉ ሳፋውን አልፎ እስኪሄድ ነፍስ የለም። ስለዚህ አንድ ከቀነሰ በኋላ አንድ ሰከንድ እንዲጠብቅ አደረገችው። ነፍሱ ተስተካከለ፣ ሌላ ጉድ ግን መጣ። በዚያች አንድ ሰከንድ ሳፋው ውስጥ የገባ ዓሣ አይቆጠርም። ለምን? የዓሣውም የወፉም ጥያቄ አንድ ላይ ነው የተሰካው፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላውም አብሮ ይጠብቃል። ይሄኔ ለሁለት ከፈለችው። የዓሣው ለብቻ፣ የወፉ ለብቻ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲሄዱ።

ጸሐፊው የሙያው ሰው ስለሆኑ ይሄን ሲያነቡ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ሉፕ ነው፤ ትእዛዝ መደጋገም። ኮንዲሽን ነው፤ «ከነካ» የሚለው ዓይነት ጥያቄ። ቫሪያብል ነው፤ እንደ ነፍሱ ቁጥር የሚቀያየር። ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው፤ ይሄን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚቸገሩበት አሉ። ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት፣ ስታስተካክለው የሚወለደውን ሌላ ስህተት ደግሞ ማባረር፣ ይሄ የፕሮግራመር የቀን ተቀን ሥራ ነው። እሷ ይሄን ያደረገችው ቡናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ስክሪኑ ጥጉ ላይ በተሰነጠቀ የእናቷ ስልክ ነው። ይሄ ኮዲንግ ካልሆነ ኮዲንግ የሚባለው ምንድነው?

የውጭ ምስክርም ካስፈለገ አለ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ50 የሚባል በዓለም የታወቀ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ አለው። ተማሪዎቹ ሲ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የሚጀምሩት በስክራች ነው። አዎ፣ በዚያው በብሎኩ። ሐሳቡም ትናንት የመጣ አይደለም። የሒሳብና የኮምፒውተር ምሁሩ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በኋላ ልጆች በዚያ ቋንቋ «ኤሊ» የተባለች ሮቦት ወይም የስክሪን ምልክት እያዘዙ መስመር ያስሥሏት ነበር። ስክራች የዚያ ዘር ነው። ብሎኩ የሚያቀልለው የአጻጻፉን ጣጣ ነው። የማይገጥም ብሎክ አይሰካም፤ ስለዚህ ልጁ አንዲት ነጠላ ምልክት ረስቶ ሲለፋ አይውልም። ማሰቡ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን ማንም አይቀንስለትም። ፊደል በፊደል መጻፉ በጊዜው ይመጣል።

ሁለተኛው ነጥብ ሱስ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቀዋል። ምሳሌያቸው ሮብሎክስ ነው። ሮብሎክስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለ መድረክ ነው፤ ልጆች ሌሎች የሠሩትን ጌም ይጫወቱበታል፣ ሮቡክስ በሚባል የራሱ ገንዘብም ዕቃ ይገዙበታል። ስለ ሮብሎክስ ያነሱት ስጋት አብዛኛው ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ዘለዋል። ሮብሎክስ ላይ ጌም የሚሠራበት ፕሮግራም ለዊንዶውስና ለማክ ኮምፒውተር ነው የተዘጋጀው። ስልክ ላይ ያለው መጫወቻው ነው። ስለዚህ እዚህ ስልክ ብቻ የያዘ ልጅ ሮብሎክስ ውስጥ ሲገባ ተጫዋች ሆኖ ነው፣ ሠሪ የመሆን ዕድል የለውም። ፖኬት ኮድ የተሠራው ይሄንን በር ለመክፈት ነው። ታዲያ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ መለጠፍ ለምን?

ደግሞ ጌም መጫወትና ጌም መሥራት ልጅ ላይ ሲታዩ አይመሳሰሉም። ይሄን ሱቄ ፊት ለፊት በየቀኑ አያለሁ፤ ከጎኔ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ተጫዋቹን ልጅ መጥተህ እጁን ካልጎተትክ አይነሣም። የሚሠራው ልጅ ይደክመዋል። ይናደዳል። «እምቢ አለኝ» ብሎ ስልኩን አስቀምጦ ወጥቶ ኳስ ይጫወታል፣ ማታ ራት እየበላ ድንገት መልሱ ይመጣለታል። ሱስ እንዲህ አያደርግም። እርግጥ ነው፣ አፑን ጭኖ የሌሎችን ጌም ሲጫወት ብቻ የሚውል ልጅም አለ። አልክድም። ለወላጆች የምነግራቸው መለያ ቀላል ነው፦ ማታ «ዛሬ ምን ሠራህ? አሳየኝ» በሉት። የሚያሳያችሁ ነገር ካለው እየሠራ ነው። ሦስት ቀን ተከታታይ ምንም ከሌለው ሲጫወት ነው የሰነበተው፤ ያኔ ስልኩን ተቀበሉት።

ሦስተኛው ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው። ልጅ ኮዲንግ እንዲማር ከተፈለገ ኮምፒውተር ይገዛለት፣ ስልክ ለዚህ አልተሠራም ይላሉ።

ማን ይግዛለት? አሞራ ገደል ቡና የሚያፈሉ እናት ላፕቶፕ ከየት ያመጣሉ? ያገለገለውን እንኳ ዋጋውን ስንጠራላቸው ብዙ ወላጆች ባንኮኒው ላይ ዝም ይላሉ። እኔ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል አለው፣ እውነት ነው። ከልጆቹ የምሰማው ግን ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ እንደሚውል ነው፤ ሲከፈትም ለአንድ ኮምፒውተር አራት አምስት ልጅ፣ ማውዙን የሚይዘው ቀድሞ የተቀመጠው ነው። ስልክ ግን አለ። አሮጌ ነው፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው አብጦ አንድ ጊዜ ተቀይሯል፣ ስቶሬጁ በፎቶ ሞልቷል፣ ግን አለ። ለዚህ ልጅ ስልኩ ኮምፒውተሩ ነው፣ ሌላ የለውም። «በስልክ አይሆንም» ማለት ለእሱ «ለአንተ አይሆንም» ማለት ነው። ጸሐፊው እንዲህ ማለት ፈልገዋል ብዬ አላምንም። የሚሰማው ግን እንዲህ ነው። የጻፉት ጽሑፍ ሐዋሳ ሲደርስ እናትየው ስልክ ይዘው አጥፋልኝ ብለው ነው የመጡት፤ ላፕቶፕ ሊገዙ አልሄዱም።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ኢኒሼቲቭም እንደ አማራጭ ጠቅሰዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረ ነጻ የኦንላይን ሥልጠና ነው፤ የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድና የዳታ ትምህርት አለው። ጥሩ ነገር ነው። ሱቄ የሚመጡትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁሉ ተመዝገቡ እላቸዋለሁ። ነገር ግን የ7ኛ ክፍል ልጅ ከዚያ አይጀምርም። መጀመሪያ አንድ ነገር በራሱ ትእዛዝ ሲንቀሳቀስ ማየት አለበት። ወፉ ሲበር ካየ በኋላ የአንድሮይድ ኮርሱን ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

ዳታ ይበላል ያሉትም ትክክል አይደለም። አፑ አንዴ ከወረደ በኋላ ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። እኔ ሱቅ ዋይፋይ ላይ አውርጄ እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ካርድ ሳይሞሉ ይሠራሉ። የተሠራውን ጌምም እንደ ፋይል አውጥተው ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉታል። ቋንቋውን በተመለከተ ደግሞ፣ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ነው የሚለው ስክራች ላይ አይሠራም። ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ስክራችን ከፍቶ ቋንቋ መምረጫው ላይ አማርኛን ይንካ፤ ብሎኮቹ በአማርኛ ይመጣሉ። አንዳንዱ ትርጉም ይከብዳል። ልጆቹ ግን ሁለት ጊዜ ነክተው ምን እንደሚሠራ ካዩ በኋላ ቃሉን ለምደውት ይቀጥላሉ።

አራተኛው ነጥብ ኩረጃ ነው። አንዱ የሠራውን ሌላው ወስዶ ቀለም ቀይሮ የራሱ ያደርገዋል፣ ልጆቻችንን ስርቆት እያስተማርን ነው ይላሉ።

ኩረጃ ምን እንደሆነ ሁላችንም ተማሪ ሆነን እናውቃለን። ኩረጃ ምንጩን ይደብቃል። የኮረጀ ልጅ «ከማን ወሰድክ?» ሲባል አይናገርም። ስክራች ላይ የሚጋራ ሥራ ሁሉ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባል ፈቃድ ሥር ነው። ወስደህ መለወጥ ትችላለህ፤ የማን እንደነበረ ግን መናገር አለብህ፣ የአንተንም ሌላው ወስዶ እንዲለውጠው መፍቀድ አለብህ። ሪሚክስ ስታደርግ፣ ማለትም የሌላውን ሥራ ወስደህ ስትለውጥ፣ የመጀመሪያው ሠሪ ስም ገጹ ላይ ራሱ ይወጣል፣ ልደብቅ ብትል እንኳ። ይሄ የስርቆት ተቃራኒ ነው።

እዚሁ ሐዋሳ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጅቷ ጌሟን ለአንድ የክፍሏ ልጅ በፋይል ሰጠችው። ልጁ የባጃጅ ሾፌር ልጅ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ ሲያሳያት ሳፋው ባጃጅ ሆኗል፣ ዓሣው ተሳፋሪ ሆኗል፣ አባ ኮዳው ደግሞ ጉድጓድ። ጽሑፉን በሙሉ ወደ ሲዳሙ አፎ ቀይሮታል፤ ቤታቸው የሚያወሩት እሱን ስለሆነ አያቱም እንዲገባቸው። ባጃጁ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር ትንሽ እየፈጠነ እንዲሄድም አድርጎታል። ይሄ መጀመሪያው ጌም ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ ተናደደች? አልተናደደችም። «እንዴት ነው ያፈጠንከው?» አለችው። ከፍቶ አሳያት። አሁን የእሷም ዓሣ ነጥብ ሲጨምር እየፈጠነ ይወርዳል። ጸሐፊው ይሄን ኩረጃ ይሉታል። እኔ ሁለት ልጆች ያለ አስተማሪ ሲማማሩ ነው ያየሁት።

ለእኛ ደግሞ ይሄ አካሄድ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ተቀብሎ፣ አገባቡን ፈትቶ ነው የሚያየው። ከዚያ በራሱ ሲሞክር በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ረጅም በሆነው በመወድስ የሚጀምር የለም። መንገዱን ከመምህሩ ይወስዳል፣ ቅኔው ግን አዲስ መሆን አለበት፤ የሰው ቅኔ ደግሞ ያቀረበ ይነወራል። ይሄንን የመፍጠር ሥራ አባቶች የጠሩበትን ቃል ተመልከቱ፦ ዘረፋ። ቅኔ ዘረፈ ነው የሚባለው። መንገድ ወስዶ የራስን ማምጣት ምን እንደሆነ ከጥንት የሚያውቅ ሕዝብ ሪሚክስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሊደነግጥ አይገባውም።

አምስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ጌሞቹ ተራ ናቸው፣ ገንዘብም አያመጡም ይላሉ። ተራ ናቸው፣ እስማማለሁ። ኖኪያ ላይ የነበረችውን እባብ የማያስታውስ አለ? እሷም ተራ ነበረች። ታኔሊ አርማንቶ የሚባል የፊንላንድ መሐንዲስ ነው ለኖኪያ 6110 የሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1997። ነጥብ የምትበላ መስመር ናት፣ ሌላ ምንም። ከላይ የሚወርዱ ጡቦች የሚደረደሩበትን ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሠራው ኮምፒውተሩ ሥዕል እንኳ ማሳየት አይችልም ነበር፤ ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ነው የሠራቸው። ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ 7ኛ ክፍል ያለች ልጅ በሠራችው ነገር ገንዘብ ማምጣት አለባት ያለው ማነው? ሱዚ ስትዘል፣ ቅልልቦሽ ስትጫወት ማንም ስንት አመጣሽ አይላትም። ሒሳብ ስትማርም አይላትም። ጌም ስትሠራ ብቻ ይሄ ጥያቄ ለምን ይመጣል?

ስድስተኛው ነጥብ ላይ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ስላነሱትም አመሰግናቸዋለሁ። ሥራ የሚጋራበት ቦታ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች አሉ፣ አስተያየት ይጽፋሉ፣ ልጅ ደግሞ ያመሰገነውን ሰው ቶሎ ያምናል። ስክራች የግል መልእክት መላኪያ የለውም፤ የሚጻፈው ሁሉ በገሃድ ነው፣ ልጆችም በእውነተኛ ስማቸው እንዳይመዘገቡ ይመክራል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ወላጅን አይተካም። እኔ አፕ ስጭን ለወላጆች ሁልጊዜ የምላቸውን እዚህም ልድገመው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኢንተርኔት ላይ ምንም አይጫን፤ ለጓደኛ በፋይል ብቻ ይሰጥ። በኋላ ሲጫን ስም ይፈጠር እንጂ የልጁ ስም አይሁን። የልጁ ፊት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የቤት አካባቢ ፎቶ ጌሙ ውስጥ አይግባ፤ ልጆች ፎቶ አንስተው ማስገባት ስለሚወዱ ይሄ በተለይ መታየት አለበት። ስልክ ቁጥር ወይም የቴሌግራም ስም የጠየቀ ሰው ካለ ልጁ ለእናት ወይም ለአባት ወዲያው ይናገር፤ ሲናገር ደግሞ እንዳይቆጡት። የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። የጸሐፊው ጽሑፍ ይሄን ብቻ አስፋፍቶ ቢጽፍ ኖሮ አትሜ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር።

እናትየው በማግስቱ ከልጅቷ ጋር መጡ። ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸውና «እትዬ፣ እርስዎ ይጫወቱት» አልኳቸው። እንዴት እንደሚያዝ ልጅቷ አሳየቻቸው። የመጀመሪያውን ዓሣ ያዙ፣ ሁለተኛውን ያዙ፣ ከዚያ አባ ኮዳው መጣ። «ውይ! ይሄ እኮ የኛው ነው፣ ያ እግሩን የሚያነክሰው!» አሉ። ሦስቱንም ነፍስ ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። አፑን አላጠፋሁትም። የተስማማነው በቀን አንድ ሰዓት፣ የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ነው።

አሁን ልጅቷ ሁለተኛውን ሌቭል እየሠራች ነው። ሐይቁ ላይ ዝናብ እንዲዘንብ ፈለገች። አንድ ጠብታ ሣለችና እያባዛች ከላይ ለቀቀችው። ስልኩ አሮጌ ነው፣ ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻው፣ 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ጠብታው ሲበዛ ጌሙ መንቀርፈፍ ጀመረ፣ ሳፋውም እየዘገየ ይንቀሳቀሳል። ሐሙስ ዕለት ሱቄ መጥታ «ጋሼ፣ ራም ይጨመርልኛል?» አለችኝ። ስልክ ላይ እንደማይጨመር ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። ቅዳሜ ስትመለስ ጠብታዎቹን ከ60 ወደ 25 ቀንሳቸዋለች፣ እያንዳንዱን ጠብታ ግን ረጅምና ዘንበል ያለ መስመር አድርጋ ሥላዋለች። ጌሙ አይንቀረፈፍም። ዝናቡ ከበፊቱ የበለጠ ከባድ ይመስላል።